እኔ ጓንት አድርጌ ነበር

እዚህ ቤት ድምፅ ተሰማ፣ እዚያ ጥላ ታየ ሲባል እኔ በጭራሽ አላምንም፣ ዓይን አፋር ስለሆንኩ አልከራከርም እንጂ በሆዴ እስቃለሁ። ስለዚህ የምነግራችሁን የፈጠርኩት እንዳይመስላችሁ፣ ብፈጥርማ ኖሮ ራሴን እንዲህ የሚያሳፍር ነገር ውስጥ አልከትም ነበር።

ደብረ ማርቆስ ነው የምኖረው፣ ከእናቴና ከታላቅ ወንድሜ ከደሳለኝ ጋር። ትምህርት ከስድስተኛ ክፍል ካቆምኩ ወዲህ ከአሉሚኒየም ጉትቻ እየቆረጥኩ እሸጣለሁ፣ ቀለም ስቀባው ግን ሳምንት ሳይሞላው ይላጣል። አንድ ቀን ስልክ ላይ፣ አሉሚኒየም አሲድ ውስጥ ተነክሮ ኤሌክትሪክ ሲሰጡት ቀለም የሚጠጣ ቆዳ እንደሚያወጣ አየሁ። ቪዲዮው በእንግሊዝኛ ነው፣ የሚተረጉምልኝ ደሳለኝ ነው፣ እሱ ደግሞ ግማሹን ይዘለዋል።

"እዚህ ጋ ምን አለ?" ስለው፣

"ምንም አላለም፣ እያስነጠሰው ነው" ይለኛል።

አንድ ነገር ብቻ አጥብቆ ነገረኝ። "በባዶ እጅሽ እንዳትነኪው ስንዱ፣ የጣት ቅባት ካረፈበት ቀለሙ ላይ አሻራሽ ይቀራል ይላል።"

ደሳለኝ ጋራዥ ስለሚሠራ የባትሪ አሲድ፣ አሮጌ ቻርጀርና ከተበላሸ ባትሪ የወጣ እርሳስ አመጣልኝ፣ ባልዲው የራሴ ነው። ቦታ ስለሌለን እናቴ እቃ ቤቱን ለቀቀችልኝ፣ ግን በአንድ ነገር አስጠነቀቀችኝ። ጥግ ላይ አንገቱ በነጭ ጨርቅ የታሰረ ቢጫ ጀሪካን አለ፣ አባቴ ሊሞት ሳምንት ሲቀረው ከዲማ ገዳም በትከሻው ተሸክሞ ያመጣው ጠበል ነው። እናቴ ይኸው ሦስት ዓመት ከፍታው አታውቅም።

"ያንን ብትነኪ አልምርሽም" አለችኝ። እናቴ ስትቆጣ ትጮኻለች፣ ይህን ግን በቀስታ ነው ያለችው።

ጓደኛዬ ትዕግሥት እሑድ ልታገባ ነበር፣ ለእሷና ለአራት ሚዜዎቿ ቀይ ጉትቻ ልሠራ ቃል ገብቻለሁ። ሁለት ጊዜ ሞክሬ ሁለቴም ተበላሸ፣ ደሳለኝ የቧንቧ ውሃ ስለተጠቀምሽ ነው፣ የተጣራ አመጣልሻለሁ አለኝ። ቅዳሜ ረፋድ ላይ ደሳለኝ ደወለና "የተጣራውን ውሃ በቢጫ ጀሪካን እቃ ቤት አስቀምጬልሻለሁ፣ ዛሬም ካልሆነልሽ ግን ባልዲሽን አወጣዋለሁ፣ ቤቱ አሲድ አሲድ ሸተተ" ብሎ ዘጋብኝ፣ አመሰግናለሁ እንኳን ሳልለው።

እናቴ ሠርግ ቤት ሽንኩርት ልትከትፍ ሄዳለች። እቃ ቤት ስገባ በሩ አጠገብ ጨርቅ ያልታሰረበት ቢጫ ጀሪካን ቆሟል፣ ወደ ጥጉ እንኳን ሳላይ አነሣሁና ወደ ባልዲው ገለበጥኩት፣ አሲዱን ቀስ አድርጌ ጨመርኩ፣ ጓንቴን አጠለቅሁ፣ ጉትቻዎቹን አጥቤ በአሉሚኒየም ሽቦ አንጠለጠልኩ፣ ቻርጀሩን ሰካሁ። ነጫጭ አረፋ ሽቅብ መውጣት ሲጀምር ደስ አለኝ፣ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላው መብራት ጠፋ። እመኑኝ፣ ማልቀስ አማረኝ፣ የማርቆስ መብራት የእኔን ቀን እየጠበቀ ነው የሚጠፋው።

ሽቦውን ከቻርጀሩ ነቅዬ በርጩማ ላይ ተቀመጥኩ። አረፋው ግን አላቆመም። የተረፈ ነው ብዬ ጠበቅሁ፣ ግድግዳው ላይ ያረፈችው ፀሐይ ከምስማሩ እስከ ወንፊቱ ድረስ ሄደች፣ አረፋው አሁንም እንደ ተከፈተ ለስላሳ ይንሾካሾካል። ከዚያ ከኋላዬ ጥግ ላይ፣ ሙሉ ጀሪካን መሬት ላይ ሲያስቀምጡት የሚሰማው ያ ድፍን ድምፅ፣ ቀጥሎም ሸክም ያወረደ ሰው ትንፋሽ ሰማሁ። ዞር ስል ጥጉ ጨለማ ነው፣ ማንም አይታየኝም፣ ባዶው ጀሪካን እኔ ያስቀመጥኩበት በሩ አጠገብ ነው። "ደሴ፣ አትቀልድ!" አልኩ ወንድሜ መስሎኝ፣ መብራቱ ቦግ አለ።

መሸሽ ነበረብኝ፣ ግን ሠርጉ ነገ ነው፣ ጓንቴን ሳላወልቅ ቀጠልኩ። ቀለሙ ውስጥ ስነክራቸው እንደዚያ ያለ ቀይ አይቼ አላውቅም። ሳወጣቸው አሥሩም ላይ፣ ጠርዛቸው ላይ፣ የአውራ ጣት አሻራ አለ።

ደሳለኝ ማታ ሲገባ አንዱን አንሥቶ አየና "ነግሬሽ ነበር፣ በእጅሽ ነካሽው!" አለ።

"እኔ ጓንት አድርጌ ነበር!" ብዬ ጮህኩ፣ በሕይወቴ ጮኼበት አላውቅም። አውራ ጣቴን አስጠግቼ አሳየሁት፣ አሻራው የእኔን ሁለት ያህላል፣ መሐሉ ላይ ደግሞ ከዳር እስከ ዳር የተሰመረ ጠባሳ አለው። ደሳለኝ ጉትቻውን መልሶ አስቀመጠው። አባቴ አጨዳ ላይ አውራ ጣቱን ማጭድ እንደቆረጠው ሁለታችንም እናውቃለን።

"ለማንኛውም" አለ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ "ውሃሽ ውጪ ነው ያለው፣ ረፋድ ላይ አስቀመጥኩ ያልኩሽ ተሳስቼ ነው፣ ጋራዥ ረስቼው ነበር፣ አሁን ነው ያመጣሁት።"

ምን እንደገለበጥኩ የገባኝ ያኔ ነው። በሩን ከፍቼ ግቢውን አየሁ፣ እናቴ ወደ ሠርግ ቤት ከመሄዷ በፊት ነጩን ጨርቅ አጥባ ገመድ ላይ አስጥታዋለች፣ ቤቱን ስትጠርግም ጀሪካኑን ከጥጉ ወደ በሩ ስባዋለች።

ያን ማታ ጨርቁን በባዶው ጀሪካን አንገት ላይ አስሬ ወደ ጥጉ መለስኩት። በቧንቧ ውሃ ልሙላው ብዬ ነበር፣ እጄ እምቢ አለኝ።

በሠርጉ ቀን ትዕግሥት አሻራውን ጌጥ መስሏት "ይቺን እንዴት አድርገሽ አወጣሻት?" እያለች ለሰው ታሳይ ነበር። እናቴ ግን የሙሽራዋን ጆሮ ይዛ ጉትቻውን በአውራ ጣቷ ደባበሰችው። ማግስቱን እቃ ቤት ገብታ ጠራችኝ።

"ነይ ይህን ጀሪካን ከፍ አድርጊልኝ፣ መደርደሪያው ላይ ይሁን።"

ባዶ መሆኑን ስለማውቅ በአንድ እጄ ላነሣው ጎንበስ አልኩ፣ ክንዴን ሊገነጥለው ደረሰ። እስከ አፉ ሙሉ ነበር።

ደሳለኝ እኔ አልሞላሁም ብሎ ማለ። ምናልባት እናቴ ናት፣ ባዶነቱን አይታ እኔን ላለማሳፈር ሞልታው ይሆናል፣ ወይም ደግሞ አይደለችም። እንዳልጠይቃት፣ አንቺ ነሽ ወይ የሞላሽው ካልኳት ማን እንዳፈሰሰው መናገሬ ነው። እሷም እቃ ቤት ስሠራ በር ላይ ቆማ አንዴ መደርደሪያውን፣ አንዴ እኔን ታያለች።