ውሃ፣ እባክህ እደር

በጦይባ መንደር ዝናብ ችኩል እንግዳ ነው። ከስንት ጊዜ አንዴ ይመጣል፤ ተቀመጥ ቢሉት አይቀመጥም።

ጠብ! ጠብ! ጠብ! ይላል። ከዚያ ሽርርር! ብሎ ቁልቁል ወደ ወንዙ ይሮጣል።

ጦይባ ከአባቷ ማሳ ውስጥ የራሷ አንድ ረድፍ ማሽላ አላት። አባቷ «ካፈራልሽ እሸቱን ጠብሰሽ ትበያለሽ» ብሏታል።

ጦይባ እሸት ትወዳለች። ማሽላው ግን ገና ጉልበቷ ላይ ነው፤ ውሃ ጠምቶታል።

አንድ ቀን ደመናው ጠቆረ። ጠብ! ጠብ! ጠብ! ውሃው በረድፉ ሥር ባለው ትልም ገባና ሽርርር! ሊሄድ ሆነ።

«ውሃ፣ ውሃ፣ እባክህ እደር» አለችው።

ውሃው አላደረም።

ቅርጫት ደቀነችለት። በቅርጫቱ ቀዳዳ ሾልኮ ሄደ።

ትልሙ መጨረሻ ላይ ቁጭ ብላ በጀርባዋ ዘጋችው። ቀሚሷን አበሰበሰና በጎኗ ዞሮ ሽርርር! አለ።

«ውሃ፣ ውሃ፣ እባክህ እደር።»

አሁንም አላደረም።

ዝናቡ ሲያባራ ጦይባ ዙሪያዋን አየች። ውሃው ሁሉ ሄዷል፤ በሬ በረገጠበት ጉድጓድ ብቻ ትንሽ ውሃ ተኝቷል። አንዲት ወፍ መጥታ ጠጣች።

«ለካ ውሃም መኝታ ይፈልጋል» አለች ጦይባ።

ጭቃ ዘግና ትልሙ መሃል ላይ መረገች። ጠፍ! ጠፍ! ትንሽ ራቅ ብላ ደገመች። ጠፍ! ጠፍ!

ረጅሙ ትልም በትንንሽ መኝታ ተከፋፈለ።

ጠብ! ጠብ! ጠብ! ዝናብ መጣ። ውሃው ሽር... አለና ቆመ። ጭቃው አላሳልፍ ሲለው እዚያው ተኛ።

በሌላ ቀን የመንደሩ ሰው ለአረም በወንፈል መጣ። በወንፈል ዛሬ ሁሉም ለአንዱ ይሠራል፤ ነገ ደግሞ ለሌላው።

ጎረቤታቸው አያ ይማም ጎበዝ ሠራተኛ ናቸው። ትልም ካልጠራ እንቅልፍ አይወስዳቸውም።

«ልጆች ተጫውተውበታል» አሉና የጦይባን ጭቃ በመኮትኮቻቸው አፈረሱት። ኮት! ኮት! ኮት!

ደግነቱ ግማሹን ሲያፈርሱ ምሳ ደረሰ።

«አያ ይማም፣ የውሃውን መኝታ እኮ ነው ያፈረሱት» አለች ጦይባ። እንባዋ መጣ።

«ውሃ መንገድ እንጂ መኝታ አይፈልግም፣ ልጄ» አሉ፤ ለምሳም እጃቸውን ታጠቡ። ከምሳ በኋላ ወደ ሌላ ረድፍ አለፉ።

በማግስቱ ዘነበ። በፈረሰው በኩል ሽርርር! ሄደ። ባልፈረሰው በኩል ዝም።

ከዚያ ዝናቡ ጠፋ። ፀሐይ ብቻ ሆነ።

የረድፉ ግማሽ ደረቀ። ግማሹ አረንጓዴ ሆኖ ቆመ።

አያ ይማም ሊያዩ መጡ። ወዲያ አዩ፣ ወዲህ አዩ፣ ጢማቸውን አሻሹ።

«እኔ የጠረግኩት ደረቀ፤ የአንቺ ቆመ» አሉ። «አጥፍቻለሁ፣ ልጄ። የእኔም ማሽላ እየጠወለገ ነው። እስቲ እንዴት እንደሚሠራ አሳዪኝ።»

ጦይባ ተናዳለች።

ግን የአያ ይማም ልጅ ሙሂባም እሸት ትወዳለች።

«አፈር በውሃ ያርሱና ይዝገኑ» አለች ጦይባ። «ከዚያ እንዲህ። ጠፍ! ጠፍ!»

አያ ይማም በትልቅ እጃቸው መረጉ። ጠፍ! ጠፍ!

በሚቀጥለው ወንፈል የአያ ይማም ተራ ነበር። በማሳቸው ሁሉም ሰው ጎንበስ ብሎ ጠፍ! ጠፍ! አለ። ከዚያ በየተራ ወደ ሁሉም ማሳ ሄዱ።

የጦይባ ረድፍ ያፈራው ግማሹ ብቻ ነው። እሸቱን ጠብሳ ከሙሂባ ጋር በላች። አፋቸው ጥቁር በጥቁር ሆነ።

ሲመሽ ዝናብ መጣ። ጠብ! ጠብ! ጠብ!

ጦይባ በአባቷ ጋቢ ውስጥ ሆና አዳመጠች። ከላይኛው ማሳ ሽርርር የለም። ከታችኛውም የለም።

«አባዬ፣ ዛሬ ሊያድር ነው» አለች።

«ማን?»

«ውሃው።»

አባቷ ጋቢውን እስከ አንገቷ ሳበላት።

«እንግዲያው አንቺም ተኚ» አላት።