የመረረው የጠዋት ድንች

ልብስ ሰፊዋ የልጣጩን አረንጓዴነት ያየችው የባሏ አባት ሁለተኛ ጊዜ ካስመለሳቸው በኋላ ነው። የቆሻሻውን ባልዲ ልታቀርብላቸው ብድግ ስታደርገው የትናንት ማታ የድንች ልጣጭ ውስጡ ተቆልሏል፤ ግማሹ ቅጠል መስሏል። ክው አለች።

ስንቶቻችን ነን እንደ እሷ የምናደርገው! ሥራ የምትገባው በማለዳ ስለሆነ የቁርሱን ድንች ማታ ልጣ፣ ቀቅላ፣ ቆራርጣ ታሳድራለች፤ ጠዋት በሽንኩርት ጠበስ ማድረግ ብቻ ይቀራታል። የድንቹን ቅርጫት ለእጇ እንዲቀርባት መስኮቱ ሥር ካኖረችው ሦስት ሳምንት ሆኖታል። ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ሲመታው ይውላል፤ ማታ ደግሞ በደብዛዛ አምፖል አረንጓዴውን ከቡናማው ማን ይለየዋል?

የዚያን ዕለት ጠዋት የሰባት ዓመት ልጇ አንዴ ቀምሳ ፊቷን አጨማደደች።

"እማዬ፣ ይመራል።"

"ድንች ደግሞ መቼ መሮ ያውቃል? ሰበብ አታብዢ፣ ብዪ! ረፍዶብኛል።"

የልጅቱ ዓይን እንባ ሞላ። አያቷ ሳህኗን ወደ ራሳቸው ሳብ አደረጉና የእሷንም የራሳቸውንም ሙልጭ አድርገው በሉ። "እጅሽ ይባረክ" አሉ።

እኩለ ቀን ሳይሆን ስልኳ ጮኸ። "ሆዴን ትንሽ ቆረጠኝ፤ አትደንግጪ ልጄ" አሏት አማቷ ከቤት። አትደንግጪ ሲሏት ነው ይበልጥ የደነገጠችው። የስፌት መኪናዋን እንደ ቆመ ትታ ወደ ቤት በረረች።

ልጣጩን በፌስታል ቋጥራ፣ እሳቸውን ደግፋ ክሊኒክ እስክትደርስ ድረስ በሐሳቧ ቀብራቸው ነበር። ነርሷ ልጣጩን አገላብጣ አየችው።

"ብርሃን የመታው ድንች ነው። እንዲህ አረንጓዴ ሆኖ ሲመር መርዝ አለው።"

"ቀቅዬዋለሁ እኮ! ጠብሼዋለሁም!"

"ይሄንን እሳት አያጠፋውም፣ እህቴ። ድንች ጨለማ ቦታ ነው የሚቀመጠው። የመረረ ደግሞ ይጣላል እንጂ አይበላም። እርስዎስ አባባ፣ እየመረረዎት ለምን በሉት?"

ሽማግሌው ግሉኮስ የተሰካበትን እጃቸውን እያዩ አፈሩ። "ደክማ የሠራችው ነው፤ ይመራል ብላት ይከፋታል። ሕፃኗንም እንዳትቆጣብኝ ብዬ…"

ሰፊዋ የጠዋቱ ትዝ አላት። ልጇ እውነቱን ነግራት ነበር። ያንን ሁሉ ያቺ ትንሽ ሆድ ተቀብላው ቢሆንስ?

ሻል ብሏቸው ወደ ቤት የተመለሱት ሲመሽ ነው። ሰፊዋ አረንጓዴ የነካውን ድንች ሁሉ ጣለች፤ ደህናውን ብርሃን የማይገባው የማዕድ ቤት ቁም ሳጥን ውስጥ ከተተች። ከዚያ ልጇን አቀፈቻት።

"ይመራል ስትዪኝ መቅመስ ነበረብኝ። ይቅርታ፣ እናቴ።"

እናቶች ሆይ፣ ለነገ ማሰናዳት ደግ ነው፤ ግን የምናሰናዳውን በደንብ እንየው። ልጅ መረረኝ ሲል ከመቆጣት በፊት አንድ ጊዜ እንቅመስለት። እናንተም የምትመገቡ፣ ለሠራችው ማዘን መራራውን ዝም ብሎ መዋጥ አይደለም፤ ንገሯት።

ለሽማግሌው ሾርባ አቀረበችላቸው። አንድ ማንኪያ ቀምሰው ቀና አሉ።

"ልናገር?"

"ይናገሩ እንጂ፣ አባባ!"

"ጨው ያንሰዋል። እንዲያውም አምስት ዓመት ሙሉ ጨው ስታሳንሺ ኖረሻል።"

ጨው ጨምራ መለሰችላቸው። ቀመሱት።

"አሁን ደግሞ በዛ።"

ልጅቱ በሳቅ ፈነዳች። ሰፊዋም እየሳቀች ተነሥታ፣ ወደ ክሊኒክ ሲጣደፉ ሳይቆለፍ የዋለውን በር ቆለፈች።