የፓካርዱ ደብተር

ማክሰኞ፣ ማርች 14 ቀን 2023። ከቀኑ አሥር ሰዓት ከአሥራ ሁለት ደቂቃ። አሌክሳንድሪያ፣ አሜሪካ፤ የአሮጌ መኪና ነጋዴው የንጉሡ ጋራዥ።

ሲራክ በ1949ኙ ካዲላክ ኮፈን ሥር ጎንበስ ብሎ በሩን ይጠብቃል። ሰባት ወር ሙሉ መካኒክ መስሎ እዚህ ሠርቷል። የሚስጥር ስሙ «ጋቢና» ነው። ስልኩ ላይ አጭር መልእክት ገባ።

«ፍሬን ደርሷል።»

«ፍሬን» ጋሽ አሥራት ናቸው፤ የስለላ ሥራ ያስተማሩት አለቃው። ዛሬ ሀብታም መኪና ሰብሳቢ መስለው ይገባሉ። ንጉሡ የሰረቀውን ደብተር ያሳያቸዋል። እሳቸው ደረታቸው ላይ በተደበቀው ማይክ «ይኸው ነው» ሲሉ፣ ውጪ የሚጠብቁት የፌደራል ፖሊሶች ይገባሉ። ደብተሩ ነገ በአውሮፕላን ከአገር ይወጣል። ዛሬ ካልተያዘ አለቀ።

ደብተሩ የአንድ የፓካርድ መኪና ኩባንያ መሐንዲስ ነበር። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት የቅንጦት መኪና ሲባል ፓካርድ ነበር። ከጦርነቱ በኋላ ካዲላክ አዲስ ሞተር ይዞ ቀደመ። ሰውየው ካዲላክን መልሶ የሚቀድም ሞተር ሲስል ኖሮ ሞተ፤ ማንም አልሠራለትም። ታኮማ ፓርክ ለምትኖረው ልጁ ከአባቷ የቀራት ይህ ደብተር ብቻ ነበር።

በሩ ተከፈተ።

ጋሽ አሥራት ክሬም ካፖርት ለብሰዋል። ባለቤታቸው እትዬ ከበቡሽ ከተቀበሩ ገና ስምንት ቀናቸው ነው። ለሥራው ሲሉ ጥቁሩን አውልቀው መጡ። ሲራክ ሲልቨር ስፕሪንግ ቤታቸው ስንት እሑድ ምሳ በልቷል። ማንነቱ እንዳይታወቅ ሲል ለቅሶ እንኳ አልደረሰም።

እጁን በጨርቅ ጠረገ። ሳያስበው ተጠጋቸው።

«እግዜር ያጥናዎት፣ ጋሼ።»

ንጉሡ ዞረ።

«ምን አልካቸው?» አለ ንጉሡ። «ማን ሞቶባቸው? ጥቁር እንኳ አልለበሱ።»

ሲራክ ስህተቱ አሁን ገባው።

ጋሽ አሥራት ሳቁ። «አንተ ንጉሡ፣ ሰላይ ቀጥረህ ነው እንዴ የምትነግደው?»

«የምን ሰላይ?»

«ይሄ ልጅ የኢንሹራንስ መርማሪ ነው። ሲከታተለኝ የከረመ። የሚስቴን ሞት ሌላ በምን ያውቃል?»

ሲራክ ቀና ብሎ አያቸው። ዓይናቸው አልተንቀሳቀሰም።

ሸጡት።

«አጅሬ! ሰባት ወር ቡና እየጋበዝኩህ!» ንጉሡ ክንዱን ጨምድዶ እጁን ከተከፈተው ኮፈን ጠርዝ ሥር ጫነው። ሲራክ ሊመታው ይችል ነበር። ግን ደብተሩ ገና አልወጣም። እጁን ተወለት።

ኮፈኑ ወረደ።

ሲራክ ጮኸ። ጋሽ አሥራት አልዞሩም።

«በል ጨርሰሃል፤ አሁን ወደ ሥራችን» አሉ።

ንጉሡ ደብተሩን ከመሳቢያ አወጣ። ሽማግሌው አንድ ገጽ ገለጡ። ሌላም ገለጡ።

«ይኸው ነው።»

ፖሊሶቹ በሩን ገፍተው ገቡ።

አምቡላንሱ አጠገብ ጋሽ አሥራት አጎንብሰው ቆሙ።

«ነገሩ እንዳይበላሽ ሌላ ምን ላደርግ እችል ነበር፣ ልጄ?»

«ጥፋቱ የኔ ነው፣ ጋሼ። ደክሞኛል።»

«እኔም።»

ደብተሩ በሳምንቱ ለመሐንዲሱ ልጅ ተመለሰ። ሲራክ ለሌላ የስለላ ሥራ አናንዴል ውስጥ ጎማ ቤት ገባ፣ በሌላ ስም። ሁለት ጣቶቹ አይታጠፉም። ጋሽ አሥራትን ከዚያ ቀን ወዲህ አላገኛቸውም።