ጥቁሩ የስክሪን ግማሽ

ስክሪኑ ላይ የተከፈተው መስኮት እንደገና መንቀጥቀጥ ጀመረ። ናጅዋ የጻፈችውን ፕሮግራም አቋረጠችና ላፕቶፑን ከፊቷ ገፋ አደረገችው።

«አሁንስ ምን ሆነ?» አለች ቃልኪዳን።

«እሱን እንኳ አትጠይቂኝ። ያላለቀውን ፕሮግራም አልቋል ብለሽ ለቲቸር ደምሴ የነገርሽው አንቺ ነሽ።»

«ዝም ብል ኖሮ ዛሬ ጠዋት ላፕቶፑን ወልዲያ ለጥገና ይልከው ነበር። ከጦርነቱ በፊት የሄደው ፕሪንተር መቼ ተመለሰ?»

እውነቷን መሆኑ ናጅዋን ይበልጥ አናደዳት።

ከጦርነቱ በኋላ ትምህርት ቤታቸው ሲከፈት የኮምፒውተር ክፍሉ ባዶውን ነበር። የቀረው ቲቸር ደምሴ ከመርሳ ሲሸሽ ይዞት የወጣው ይህ ላፕቶፕ ብቻ ነው። እሱም መንገድ ላይ ወድቆ የስክሪኑ ግራ ግማሽ ጠቁሯል። የአስራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች የሞዴል ፈተና የሚለማመዱት ደግሞ በእሱ ነው፤ የሚከፈተው መስኮት ሁሉ ግን ጥቁሩ ላይ ይሄዳል።

ናጅዋ አንድ መላ አግኝታ ነበር። የትኛው መስኮት የት እንደሚቀመጥ የሚወስን ፕሮግራም አለ፤ የመስኮት አስተዳዳሪ ይሉታል። እሷ የምትጽፈው ፕሮግራም ሊያነጋግረው ይችላል። አስተዳዳሪው «አዲስ መስኮት ተከፈተ» ብሎ ይነግረዋል፤ ያኛው ደግሞ «ወደ ቀኝ ውሰደው» ብሎ ያዘዋል። ኔትወርክ ስላልተመለሰ መመሪያውን ያነበበችው ከላፕቶፑ ላይ ነው፣ በዚያች በተረፈችው ግማሽ።

«እስኪ ምን ብለሽ እንዳዘዝሽው ንገሪኝ» አለች ቃልኪዳን።

«መስኮት ላይ የሆነ ነገር በተፈጠረ ቁጥር ንገረኝ፣ ወደ ቀኝ ውሰደው እልሃለሁ ነው ያልኩት።»

«ሲወስደውስ? እሱም መስኮቱ ላይ የሆነ ነገር አይደል?»

ናጅዋ አፈጠጠችባት። የገዛ ትእዛዟ አዲስ ወሬ እየፈጠረ፣ ወሬው ደግሞ መልሶ ትእዛዝ እያስላከ መስኮቱን ያንቀጠቅጠው ነበር። «አዲስ መስኮት ሲከፈት ብቻ ንገረኝ» ብላ አስተካከለችው። ፈተናውን ስትከፍተው ቀኝ በኩል ቁጭ አለ፤ አልተንቀሳቀሰም።

«አላልኩሽም?» አለች ቃልኪዳን።

«ምኑን ነው ያልሽኝ? ዝም በይ አቦ።»

ናጅዋ ጥቂት ጥያቄዎች መለሰችና «ጨርስ» የሚለውን ነካች። ሁሉም ነገር ቀጥ አለ። «እርግጠኛ ነህ?» ብላ የምትጠይቀው ትንሿ መስኮት ብቅ ያለችው ጥቁሩ ውስጥ ነበር። ትእዛዙ ለትልልቆቹ መስኮቶች እንጂ ለእሷ አልሠራም፤ እሷ ካልተመለሰላት ደግሞ የተሠራው መልስ አይቀመጥም።

በሩ ተከፈተ። ቲቸር ደምሴ ገባ፤ የናጅዋ ወንድም ሙጃሂድም ተከተለው። ሙጃሂድ ጦርነቱን ግራና ከተማ፣ ዘመድ ቤት ተደብቆ ነው ያሳለፈው፤ ከዚያ ወዲህ ትምህርቱ ሁሉ እንግዳ ሆኖበታል።

«ለቲቸር አትንገሪው» አለች ቃልኪዳን በሹክሹክታ። «ማንም ልብ አይለውም።»

ሙጃሂድ ወንበሩ ላይ ተቀመጠና እጁን ዘረጋ። ናጅዋ ምንም ሳይነካ እጁን ያዘችው።

«ቲቸር፣ አላለቀም። ዛሬ ማንም መልስ አያስገባበት፤ ይጠፋበታል።»

«አልቋል አልተባልኩም እንዴ?»

ቃልኪዳን መሬት መሬት አየች። ናጅዋ ስሟን ልትጠራ አፏን ከፈተችና ተወችው። «ቸኩለን ነው» አለች።

«እኔ ነኝ ያልኩት፣ ቲቸር» አለች ቃልኪዳን ቀስ ብላ።

ቲቸር ደምሴ በረጅሙ ተነፈሰና ላፕቶፑን ሊያጥፈው ተጠጋ። ናጅዋ ክዳኑን ያዘች።

«ወልዲያ አይላክ። እስከ ነገ ይቆየን።»

ሁለቱንም አየት አደረጋቸው። «እስከ ነገ» አለና ወጣ።

«እኔስ ምን ላድርግ?» አለ ሙጃሂድ።

«ጥያቄዎቹን አንብብ። መጨረሻ ላይ ያለችውን «ጨርስ» ብቻ እንዳትነካ።»

ቃልኪዳን አግዳሚ ወንበር እየጎተተች መጥታ አጠገባቸው ቆመች፤ ለመቀመጥ ግን አልደፈረችም። ናጅዋ ንዴቷ ገና አልበረደም። ሳታያት ወደ ወንድሟ ጠጋ አለችና ቦታ ለቀቀችላት።