መምህር ሀብተወልድ ያልሰሙት ድምፅ

ጡረተኛው መምህር ሀብተወልድ በመስቀል ዋዜማ ጠዋት፣ ቡታጅራ በሚገኘው ቤታቸው ኮምፒውተራቸው ፊት እንደተቀመጡ ሞተው ተገኙ። አፋቸው የፀረ ተባይ መድኃኒት ይሸታል፤ የወተት ኩባያቸው ግን ታጥቦ ተደፍቷል። ኢንስፔክተር ዓለምዘውድ ኩባያውን አይታ ፊቷ ጠቆረ። ራሱን የገደለ ሰው ዕቃ አያጥብም።

«የገደለቻቸው ልጃቸው ናዝሬት ናት» አለ አብሯቸው የሚኖረው የእህታቸው ልጅ ግሩም። «ከተኳረፉ ጀምሮ ስልኳን አያነሱም። በኢሜይል ድምፅ ላከችላቸው። ትናንት ማታ አብረን ሰማነው። ‹ለመስቀል አልመጣም፤ ቤቱን ግን እሸጠዋለሁ› አለች። ሐዘኑን አልቻሉትም፤ መርዝ ጠጡ።»

«ወላሂ ውሸት!» አለች ጎረቤታቸው ሃሊማ። «‹ድምፁን ስነካው የማይነበብ ፊደል ብቻ ያመጣል፣ ግሩም ደግሞ ነገ አስተካክላለሁ እያለ ያጉላላኛል› ሲሉኝ ነው የሰነበቱት።»

ደውለው ልጃቸውን እንዲጠይቁ ኩራታቸው አልፈቀደም። ኩራት ስንቱን ቤት እንዳፈረሰ!

«ማታ ወተቱን ማን ሰጣቸው?» አለች ዓለምዘውድ።

«ግሩም» አለች የቤት ሠራተኛዋ መሰለች። «እኔ ለመስቀል ደጁን እለቀልቅ ነበር።»

አስከሬኑ ከተነሳ በኋላ ዓለምዘውድ ሦስቱንም ኮምፒውተሩ ዙሪያ ሰበሰበች። የኢሜይሉ ርዕስ «ስለ መስቀልና ስለ ቤቱ» ይላል። የተያያዘውን ድምፅ ስትጫነው ስክሪኑ በማይነበብ ምልክት ተሞላ።

«ይህ ኮምፒውተር የሚሠራው ሊኑክስ በሚባል ሥርዓት ነው» አለች። « የድምፅ ፋይሉን የሚከፍተው በጽሑፍ ፕሮግራም ነው፤ እስካሁንም አልተስተካከለም። ታዲያ ትናንት የሰማችሁት ምንድነው?»

ግሩም ከኮምፒውተሩ ራቅ አለ።

«ርዕሱን ብቻ ነው ያነበብከው። ‹ቤቱ› የሚለውን ስታይ የምወርሰውን ቤት ናዝሬት ልትነጥቀኝ ነው ብለህ ፈራህ። እንዳይታረቁ ማስተካከሉን አጓተትክ፤ ማጓተቱ ሲያልቅብህ ወተት ሰጠሃቸው፤ ከዚያ ኩባያውን አጠብክ።»

ፋይሉን በማውሱ ቀኝ ቁልፍ ተጫነች፤ የሚከፈትበትን ፕሮግራም ወደ ሙዚቃ ማጫወቻ ቀይራ ሁልጊዜ በዚያው እንዲከፈት አደረገች። ሽማግሌው ሲለምኑ የከረሙት ይህችን ብቻ ነበር።

«አባዬ» አለ የናዝሬት ድምፅ፤ «ይቅር በለኝ። ለመስቀል እመጣለሁ። ቤቱን እኔ አልፈልገውም፤ ለግሩም ስጠው። ሲያስታምምህ የኖረው እሱ ነው።»

ግሩም መሬት ላይ ተዘረፈጠ። ማንም አላነሳውም።

የመሰለች ስልክ ጮኸ። ድምፅ ማጉያውን ከፍታ አነሳችው።

«መሲ፣ ቡታጅራ ልገባ ነው፤ ቡኢ ደርሻለሁ» አለች ናዝሬት። «አባዬ መልእክቴን ሰማልኝ?»