ሳትነግረው የሚያውቅላት ሰው

ክሊኒኩ ውስጥ ራጅ አንሺዋን «ጭምቷ» ይሏት ነበር። በሽተኛውን «ወደዚህ ዙር፣ ትንፋሽህን ያዝ፣ በቃ ተንፍስ» ካለች በኋላ የቀኑ ንግግሯ ያለቀ የሚመስል ሴት ነበረች። ስትጽፍ ግን ሌላ ሰው ናት። አግብታ ሩቅ ከተማ ለምትኖረው ታላቅ እህቷ፣ እታለም ለምትላት፣ በስልኳ የማትጽፍላት ነገር አልነበረም። ማን እንዳስከፋት፣ ምን እንዳማራት፣ ስለ ሟች አባቷ ምን ትዝ እንዳላት፣ ሁሉንም እዚያ ታፈሰው ነበር።

መኪና መንዳት ልማር ብላ የተመዘገበችው በእታለም ጉትጎታ ነው። የደረሳት አስተማሪ ረጋ ያለ፣ ፈገግታ ከፊቱ የማይጠፋ ወጣት ነበር። በመጀመሪያው ቀን መኪናው መንገድ መሀል ደጋግሞ ጠፋባት። ከኋላ ያሉት ጥሩምባቸውን አንባረቁባት።

«ይጩኹ» አላት። «እነሱም ሲማሩ ተጩኾባቸዋል። ብድራቸውን እየመለሱ ነው።»

ሳታስበው ሳቀች። እሱም በጎን አያትና ዓይኑን ወደ መንገዱ መለሰ። ያቺ አስተያየት ቀኑን ሙሉ አብራት ዋለች።

ፍቅራቸው እንዲህ ተጀመረ። ሽቶ ራስ ምታት እንደሚቀሰቅስባት ሳትነግረው መቀባቱን ተወ። ሥራ አድክሟት በወጣችበት ቀን «ዛሬ ትምህርቱ ይቅርና ወንዙ ዳር ሄደን ዝም ብለን እንቀመጥ» ይላታል። አባቷ የሞተበት ቀን ሲደርስ ነጭ አበባ ይዞ ከክሊኒኩ በር ላይ ቆሞ አገኘችው።

«ማን ነገረህ?»

«ፊትሽ።»

መናገር ለሚከብዳት ሴት ከዚህ በላይ ምን አለ? ለእታለም «ሳልናገር የሚሰማኝ ሰው አገኘሁ» ብላ ጻፈች። እናቷም ወደደችው። «እንዲህ ያለው በመብራት ተፈልጎም አይገኝ» አለች፤ የሠርጉም ወር ተቆረጠ።

አንድ ቀትር ላይ ከእታለም መልእክት መጣ። የሦስት ወር ፅንሷ ወርዷል። እናታቸው የልብ ድካም ስላለባት እንዳትሰማ፣ ለማንም እንዳይነገር ለመነቻት። ጭምቷ ራጅ ክፍሏ ውስጥ ተቀምጣ አለቀሰች፤ ከዚያም ፊቷን ታጥባ ወደ ትምህርቷ ሄደች።

ያን ቀን አስተማሪው እንደ ወትሮው አልቀለደም። መታጠፊያው ጋ ሲደርሱ ግን «እህትሽን አይዞሽ በያት» አላት በቀስታ።

እግሯ ፍሬኑ ላይ አረፈ። «ለምኑ?»

«እ... አሟታል አላልሽኝም?»

አላለችውም። እሱም ወደ መስኮቱ ዞረ። 

በማግስቱ በክሊኒኩ ስልክ ለእህቷ ደወለች።

«እታለም፣ የነገርሽኝን ሌላ የሚያውቅ ሰው አለ?»

«ባሌና ሐኪሜ ብቻ። ምነው?»

ነገረቻት። እታለም ሐዘን ላይ ሆናም ቀልድ የማያልቅባት ሴት ነበረችና «እንፈትነዋ» አለቻት። «በስልክሽ ጻፊልኝ። ከልጅነቴ ጀምሮ ቢጫ የጎማ ቦት ጫማ እንዳማረኝ አለ፣ ማንም ገዝቶልኝ አያውቅም በይ። በዚህ በጋ፣ አቧራ ዓይን በሚያወጣበት ጊዜ፣ የዝናብ ጫማ ይዞ ከመጣ ወይ ነቢይ ነው ወይ ሌባ ነው።»

ጭምቷ ጻፈች። ስትጽፍ ነቢይ እንዲሆን እየተመኘች ነበር። ከዚያም በላይ ባዶ እጁን እንዲመጣ ተመኘች።

በሳምንቱ መጨረሻ ካርቶን ይዞ መጣ። እናቷ ፊት ከፈተችው። ቢጫ ነው፤ ልኳም ነው።

«ሱቅ ውስጥ ሳየው አንቺ ትዝ አልሽኝ» አላት።

እናቷ ሳቀች። «ልጄ፣ ሰማዩ እኮ ጥርት ብሏል» አለችው።

«ግድ የለም እማማ፣ መዝነቡ አይቀርም።»

ጭምቷ ጫማውን ጉልበቷ ላይ አስቀምጣ «አመሰግናለሁ» አለች። ፊቷ አልከዳትም፤ ጭምት መሆን ለዚያ ለዚያ ጠቀማት።

እሱ ከሄደ በኋላ እታለም በክሊኒኩ ስልክ በነገረቻት መንገድ የስልኳን መልእክት መላላኪያ ከፈተች። ከስልኳ ጋር የተገናኙ መሣሪያዎች የሚል ቦታ አለው፤ ከፍታው አታውቅም። አንድ የማታውቀው ኮምፒውተር አለ። እሷ የምትጽፈውንና የሚላክላትን ሁሉ ኮምፒውተሩም ይቀበላል። የተገናኘበትን ቀን ስታይ አስታወሰችው። እሷ ስትነዳ እናቷ ደውላ ስላመለጣት፣ «አንተ መልሰህ ደውልላት» ብላ የስልኳን መክፈቻ ቁጥር ለአስተማሪው የነገረችበት ቀን ነው። የትምህርታቸው ሁለተኛ ሳምንት ነበር። ለካ አበባውንም፣ ወንዙ ዳር መቀመጡንም፣ ሽቶውንም እሷው ራሷ ጽፋ ነው የሰጠችው።

አንዴ ብትነካው መሣሪያው ይቋረጣል። ጣቷን አስጠግታ መለሰችው። ይልቅ ለእታለም ጻፈች፦

«መልእክቶቼን የሚያነብ ማን እንደሆነ አውቄአለሁ። ነገ መለማመጃው ሜዳ አገኘዋለሁ። ሳልጠይቀው እውነቱን ከነገረኝ ይቅር እለዋለሁ።»

በማግስቱ አስተማሪው ቀድሟት ደርሶ መኪናው ኮፈን ላይ ተደግፎ ጠበቃት። ዓይኑ ቀልቷል።

«አንድ ነገር ልነግርሽ ነው» አላት። «ከዚያ የፈለግሽውን አድርጊኝ።»

ሁሉንም ነገራት። አንድም ነገር አልደበቀም።

«መጀመሪያ አንድ ቀን ብቻ ብዬ ነበር። ስለ እኔ ምን እንደምትጽፊ ለማየት። አንቺ ዝም ትያለሽ፣ እኔ ደግሞ ዝምታሽ ይጨንቀኛል። እንዳላጣሽ ፈራሁ። ከዚያ መተው አቃተኝ።»

እንባው ጉንጩ ላይ ወረደ። የውሸት እንባ እንዳልሆነ ገባት። እጇ ወደ እጁ ሊሄድ ተነሣ። ግን አንድ ጥያቄ ቀርቷት ነበር።

«መቼ ነው ልትነግረኝ የወሰንከው?»

 እሷ ከንፈሩን እያየች ጠበቀች። «ትናንት፣ የጻፍሽውን አንብቤ» ቢላት ያቺ ትንሽ እውነት ትበቃት ነበር።

«ቆየ» አለ። «ሳምንት አለፈኝ። ህሊናዬ እንቅልፍ ነሣኝ። ማንበቡንም ያኔውኑ አቁሜአለሁ።»

«ትናንት ለእታለም የጻፍኩትን አላየኸውም?»

«ምን ጻፍሽላት?»

ስልኳን አውጥታ ሰጠችው። ስልኩ እንደሚያሳየው ኮምፒውተሩ መጨረሻ የተከፈተው ትናንት ማምሻውን፣ እሷ ጽፋ እንዳበቃች ነው። አስተማሪው አየው፤ ደግሞ አየው። ከዚያ ስልኩን መልሶ ሲሰጣት ቀና ብሎ ሊያያት አልቻለም።

«እንደምወድሽ ግን ታውቂያለሽ» አለ።

«አውቃለሁ። እኔም እወድሃለሁ። ባልወድህማ ትናንቱኑ መሣሪያህን ባቋረጥኩት ነበር።»

እሱ እያየ መሣሪያውን ስልኳ ላይ ነካችው፤ ተቋረጠ። የስልኳንም መክፈቻ እዚያው ጀርባዋን ሰጥታው ቀየረች። ከዚያ ሜዳውን አቋርጣ በእግሯ ወደ አስፋልቱ ሄደች። አልተከተላትም።

ከዚህ ሁሉ የከፋው ቤት የጠበቃት ነበር። እናቷ ሠርጉ የፈረሰበትን ምክንያት ጠየቀች፤ ጭምቷ ልትነግራት አልቻለችም። ስልኬን ያነብ ነበር ብትል እናትየው «ምን አነበበና?» ማለቷ አይቀርም፤ ያ ደግሞ የእታለምን ምስጢር ይጎትተዋል።

«የልብሽን የሚያውቅልሽን ሰው!» አለች እናቷ። «ኩራት ነው ይሄ፣ ሌላ አይደለም። እንግዲህ እንዲያ ዓይነቱን ደግመሽ ብታገኚ ምን አለ በይኝ።» ለብዙ ጊዜ አኮረፈቻት። ጭምቷም ወቀሳውን ተሸክማ ኖረች።

ከእታለም ጋርም እንደ ድሮው አልሆነችም። ስልኩ አሁን በሁለት የምስጢር ቁጥር ይዘጋል፣ ማንም ሌላ እንደማያነበው ታውቃለች። ግን «ዛሬ ደከመኝ» ብላ ትጽፍና ትሰርዘዋለች። እታለም ነገሩ ገብቷት መደወል ጀመረች። በስልክ ሲያወሩ አብዛኛውን የምታወራው እታለም ናት።

ዓመት ካለፈ በኋላ ባንክ ቤት ወረፋ ስትጠብቅ ከጎኗ ያለው ወንበር ላይ አንድ ሰው ተቀመጠ። አስተማሪው ነበር። ከስቷል።

«ደህና ነሽ?»

«ደህና ነኝ።»

«አንድ ነገር እስካሁን አልገባኝም» አለ። «ሌላ ምን ማድረግ እችል ነበር? አንቺ እኮ አትናገሪም ነበር።»

ጭምቷ ዞራ አየችው። ቁጣ አልነበረባትም።

«ጠይቀኸኝ ታውቃለህ?»

አስተማሪው የጠየቃትን አንድ ቀን እንኳ ለማስታወስ ሞከረ፤ አጣ። በዚህ መሀል ተራዋ ደረሰና ተነሥታ ወደ መስኮቱ ሄደች።

እሷ ግን ብዙ ጊዜ፣ አሁን ይጠይቀኛል እያለች፣ መልሷን በልቧ አዘጋጅታ መኪናው ውስጥ ከጎኑ ተቀምጣ ነበር።