ከቡጢው በፊት

«ጫማሽንም አውልቂ» አለቻት ሚዛኑ አጠገብ የተቀመጠችው ሴት በእንግሊዝኛ።

ሐምራዊት በካልሲ ብቻ ሚዛኑ ላይ ወጣች። ቁጥሩ ጥቂት ዋዠቀና መቶ ሰማንያ አራት ፓውንድ ላይ ቆመ። ትምህርት ቤት ቢሆን ይህን ቁጥር ማንም እንዳያይባት በእጇ ትሸፍነው ነበር። እዚህ ግን ሴትዮዋ ምንም ሳይመስላት ጻፈችው። «ከባድ ሚዛን» አለችና ቀጣዩን ስም ጠራች።

የክፍሉ ጫጫታ ቀነስ አለ። የተጠራችው ኪያራ ነበረች። በቦክስ አሥራ አንድ ጊዜ ተጋጥማ አሥራ አንድ ጊዜ ያሸነፈች፣ ሰባቱን ከመጀመሪያው ዙር ያላሳለፈቻቸው ኪያራ። ዛሬ ከሰዓት አሥራ ሁለተኛዋ ተጋጣሚ ሐምራዊት ናት።

«ፈታ በይ እንጂ» አላት ጆሲ ማስኩን ወደ አገጩ ዝቅ አድርጎ። በሚሠለጥኑበት የቦክስ ክለብ ውስጥ ከእሷ ሌላ አማርኛ የሚችለው እሱ ብቻ ነው። «ሰዉ ምን እያለ እንደሆነ ልንገርሽ?»

«አትንገረኝ።»

«ሁለተኛውን ዙር አታየውም እያሉ ነው። ያ በስልኩ ላይቭ የሚያደርገው ልጅማ፣ ‹ስሟን ለማጥናት አልደክምም፣ ቶሎ ነው የምትሄደው› አለ።»

«አመሰግናለሁ ጆሲ። በጣም አበረታኸኝ።»

«ኖ፣ ሲሪየስሊ! እነሱ ግራ እጅሽን አላዩትም። መንጋጋዬን ጠይቂው፣ እስከ ዛሬ አልረሳውም።»

ሌላ ቀን ቢሆን ትስቅ ነበር። አሁን ዓይኗ በሩ ላይ ነው። የፈራችውም ኪያራን አልነበረም።

እናቷ ወይዘሮ ሂሩት ስትመጣ የምትሠራበትን ዌርሃውስ አንጸባራቂ ሰደርያ እንኳ አላወለቀችም። ሌሊቱን ሙሉ ካርቶን ስታነሳ አድራ በቀጥታ መምጣቷ ነው። ሐምራዊት መኪና ማቆሚያው ድረስ ሮጣ ተቀበለቻት፤ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን የቦክስ ማስታወቂያ እንዳታይ እያወራች በጎን በር አስገባቻት። ሪንጉ የተተከለበት አዳራሽ በሩ ተዘግቷል። ሚዛኑ ያለበት ክፍል ውስጥ ደግሞ ጠረጴዛ፣ ወንበርና የሐኪም ቦርሳ ብቻ ነው ያለው። ከክሊኒክ ምንም አይለይም።

«ምርመራው አለቀ?» አለች እናቷ እያዛጋች።

«አንድ ነገር ብቻ ቀርቷል። ሰውዬው ያናግሩሻል፣ ከዚያ ሂጂና ተኚ።»

ውሸቱ የተጀመረው ሚያዝያ ላይ ነው። የክለቡን ወረቀት ብሌንደን ታውንሺፕ በሚባለው ሰፈር ወዳለው አፓርታማቸው ይዛ መጣች፤ «የአካል ብቃት እንቅስቃሴ ነው፣ እዚህ ጋ ፈርሚ» አለች። እናቷም ፈረመች። ቦክስ ብትላት እንደማትፈቅድ ስለምታውቅ መጠየቁን ራሱ ዘለለችው። ለዛሬውም «ሐኪም ያየኛል፣ ወላጅ መኖር አለበት» ነው ያለቻት።

ሐምራዊት ከአሥራ ሁለት ዓመቷ ጀምሮ የእናቷ አንደበት ናት። የአከራዩ ደብዳቤ፣ የኢንሹራንሱ ስልክ፣ የሐኪሙ ቃል፣ ሁሉም በእሷ በኩል ነው የሚያልፈው። አምና ትምህርት በዙም በነበረ ጊዜ መምህሯ «ካሜራዋን አትከፍትም» ሲሉ፣ «ጎበዝ ተማሪ ናት ይላሉ» ብላ ተርጉማለች። እናቷ አንድም ቀን «እውነትሽን ነው?» ብላ አታውቅም።

የውድድሩ ኃላፊ፣ ነጭ ሸሚዝ የለበሱ ሽማግሌ፣ ወንበር ሳቡላቸው። ፊታቸው የተዘረጋው የሚያዝያው ወረቀት ነው።

«እናቷ ነዎት?» አሉ በእንግሊዝኛ።

«የስ።»

«አስተርጓሚ ይፈልጋሉ? በስልክ ላገናኝዎት እችላለሁ።»

አስተርጓሚ የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል እናቷ ከክሊኒክ ታውቀዋለች። «ኖ፣ ኖ» አለችና እጇን ሐምራዊት ትከሻ ላይ አሳረፈች። «ማይ ዶተር!»

ልጄ አለች ማለቷ ነው፤ ኮራ ብላ ነው ያለችው። ሐምራዊት ከእጁ ስር መንቀሳቀስ አቃታት።

«እንግዲያው ንገሪልኝ» አሉ ሽማግሌው። «ፊርማዎ እዚህ አለ፤ ደንቡ ግን ከአፍዎ እንድሰማ ያዘኛል። ልጅዎ ዛሬ ቦክስ ትጋጠማለች። ተጋጣሚዋ ከእሷ እጅግ የበለጠ ልምድ አላት። የጭንቅላት መከላከያ ቢኖርም ጉዳት ሊደርስ ይችላል። ይህን አውቀው ፈቅደዋል?»

እናቷ ወደ እሷ ዞረች። «ምን አሉ?»

አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃ ነበር። ‹በምርመራው ይስማማሉ ወይ› ብትል እናቷ «የስ» ትላለች፣ ሽማግሌው ምልክት ያደርጋሉ፣ አለቀ። ከሚሰሟት ሰዎች ውስጥ ውሸቱን የሚለየው ጆሲ ብቻ ነው። እሱም ስልኩ ላይ አቀርቅሯል።

ወረቀቱ ላይ ስታፈጥ የእናቷ ፊት ተለወጠ። «ምን አገኙብሽ? ልብሽን ነው? ንገሪኝ እንጂ!»

«አይደለም እማዬ፣ ደህና ነኝ…» አለች። «ቦክስ ነው።»

«ምኑ?»

«ስፖርቱ። ከሚያዝያ ጀምሮ። ዛሬ ከሰዓት ከዚያች ልጅ ጋር እጋጠማለሁ። ልጎዳ እንደምችል አውቀሽ ፈቅደሽ እንደሆነ ነው የጠየቁሽ። ያኔ የፈረምሽው… እኔ ነኝ የዋሸሁሽ።»

እናቷ ኪያራን አየቻት። ኪያራ ግድግዳውን ተደግፋ ሙዝ ትልጣለች። ትከሻዋ የበሩን ግማሽ ያህላል።

«በር መታኝ ያልሽው ከንፈርሽ?»

«ቦክስ ነው።»

«አልፈቅድም በያቸው» አለች እናቷ ቀስ ብላ።

«ምን አሉ?» አሉ ሽማግሌው እስክሪብቷቸውን አንስተው።

ሐምራዊት አፏን ከፈተች። ፈቅዳለች ማለት በእንግሊዝኛ ሁለት ቃል ነው። እናቷን ‹ቀርቷል፣ ሂጂ ተኚ› ብላ መሸኘት ትችላለች፤ እስክትነቃ ውድድሩ ያልቃል። ሰባት ወር ገመድ የዘለለችው፣ ሰውነቷን መጥላት የተወችው ለዛሬ ነው። ትከሻዋ ላይ ያለው እጅ አሁንም አልተነሳም።

«አትፈቅድም» አለች በእንግሊዝኛ።

«ይቅርታ፣ አልሰማሁሽም።»

«እናቴ አትፈቅድም!»

ድምፅዋ ስላመለጣት ክፍሉ ሁሉ ሰማ። ላይቭ የሚያደርገው ልጅ ሳቀ። ጆሲ ሁለት እጁን አናቱ ላይ ጫነ። ኪያራ አልሳቀችም፤ ሙዟን ይዛ እንደቆመች ለመጀመሪያ ጊዜ ሐምራዊትን አስተውላ አየቻት።

ሽማግሌው እስክሪብቷቸውን አስቀመጡ። «አዝናለሁ። መዝገቡ ከሃያ አምስት ደቂቃ በኋላ ይዘጋል። ሐሳብ ከቀየሩ እዚሁ ነኝ።»

ሐምራዊት ይህንንም እንዳለ ተረጎመችው።

«አሁን ምን አልሻቸው?» አለች እናቷ።

«ያልሽኝን።»

«ያልኩሽን ብቻ?»

«ያልሽኝን ብቻ።»

እናቷ ለመሄድ የተነሳች መስሏት ነበር። ሂሩት ግን ወንበሩን ወደ ጠረጴዛው አስጠጋችና ወረቀቱን ወደ ራሷ ሳበችው። ገልጣ ገልጣ መጨረሻው ላይ ፊርማዋን አገኘችው፤ በጣቷም ነካችው።

«ይሄ የኔ ነው።»

«አዎ።»

«ከላዩ ያለውን አንብቢልኝ።»

«እማዬ፣ ስድስት ገጽ ነው። ጊዜ የለንም። ዋና ዋናውን ብነግርሽ…»

«ዋና ዋናውን ያኔም ነግረሽኛል።»

ሐምራዊት ቀና ስትል ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት አየች፤ ሃያ ሁለት ደቂቃ ቀርቷል። ሁለተኛው ገጽ ስለ ጉዳት ብቻ ነው የሚያወራው፤ ስለ አንጎል፣ ስለ ዓይን፣ ስለ ጥርስ። ሁለት ገጽ አንድ ላይ ብትገልጥ ማን ያውቅባታል? ከክፍሉ ውጭ ክሊቭላንድ አቬኑ በሚባለው ጎዳና ላይ መኪኖች ይተራመሳሉ፤ ጆሲ ከእናቷ ኋላ ሆኖ በጣቱ ፍጠኚ እያላት ነው።

ወንበሯን አዙራ ለሰዓቱ ጀርባዋን ሰጠች። ጣቷን የመጀመሪያው ገጽ የመጀመሪያ መስመር ላይ አደረገች።

«‹ይህ ስፖርት…›» ብላ ጀመረች። ለሚቀጥለው ቃል አማርኛው ስላልመጣላት ቆም አለች።

እናቷ ጠበቀቻት።